የረቡዕ ሐኪሞች

ባለቤቴን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ሲለውና አንደበቱ ሲታሰር፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን መጀመሪያ ላይ ሰው አላጣም ነበር። በተለይ ከአጥራችን ማዶ ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤቴ በየቀኑ ሱቋን ለልጇ ትታ ትመጣና፣ ሰፊውን ድሪያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከአልጋው ግርጌ ትቀመጣለች። ምንም አትሠራም። ስለ ዕቃ መወደድ ታወራለች፣ ሙቀቱን ትረግማለች፣ ባሌን «አቦ ተነስ፣ መተኛት አበዛህ!» እያለች ትቀልድበታለች። እሱም ከንፈሩ በሚታዘዝለት በኩል ፈገግ ይላል። ቀኑ በዚህ ያልፍልኝ ነበር።

ከዚያ ሐኪሞቹ መጡ። ሰልጣኞች ናቸው፤ መምህራቸው ቤት ለቤት እያዞረ፣ የተኛን ሰው በቤቱ ማከምና አስታማሚውን ማገዝ ያስተምራቸዋል። የኛ ተራ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ጢም በቅጡ ያላበቀሉ ልጆች ስለ ገዛ ባሌ ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ መጀመሪያ ተበሳጭቼ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ብዙ ረዱኝ። ሳልጎዳው እንዴት እንደማገላብጠው፣ ትን እንዳይለው አጥሚቱን እንዴት እንደማወፍረው ያሳዩኝ እነሱ ናቸው። ጀርባው ላይ የጀመረው ቁስልም በነሱ ደረቀ።

ጎረቤቴ ግን ነጭ ጋዋን ስታይ ብድግ ትላለች። «ሐኪም ባለበት የኔ ወሬ ምን ያደርጋል?» ብላ ትወጣለች። ለክብራቸው ነው። እንዲህ እንዲህ እያለች ረቡዕን ተወች፤ ቀጥሎ ሌላውንም ቀን። የሰፈሩም ሰው እንደሷ ሆነ። በር ላይ ሲያገኙኝ «ተመስገን ነው፣ ሐኪሞቹ አሉላችሁ» ይሉኛል። ሐኪሞቹ ያሉት ረቡዕ ጠዋት ነው! የቀረውን ሳምንት መልስ ከማይሰጠኝ ሰው ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰፈሩን ጭጭ ሲያሰኘው ከሱቁ የጎረቤቴ ሳቅ ይሰማኛል። እቀናለሁ። «ነይ» ብዬ እንዳልጠራት ይሉኝታ ያዘኝ፤ ጠያቂ እንዴት ይለመናል?

አንድ ረቡዕ ከሰልጣኞቹ አንዷ ከባሌ ፊቷን መልሳ «እናቴ፣ እርስዎንስ የሚያግዝዎት አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። ሌላውን መናገር አቃተኝ፣ እንባዬ መጣ። ልጅቷ እጄን ያዝ አድርጋኝ ወጣች፤ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ስትገባ በመስኮት አየኋት።

በማግስቱ ጎረቤቴ መጣች። ልቤ በደስታ ዘለለ። እሷ ግን ሳትቀመጥ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበችና «መጨረሻ ያገላበጥሽው መቼ ነው?» አለችኝ። ለካ ያቺ ሰልጣኝ ሐኪም ሁሉንም አስረድታታለች። «በይ እህቴ፣ ውጪና ነፋስ ይንካሽ። ታዟል። እኔ አለሁ» ብላ ነጠላዬን አቀበለችኝ።

ወጣሁ። ምን ላድርግ? በባጃጅ ቀፊራ ገበያ ወረድኩና ቲማቲም ገዛሁ። ገበያው በሰው ተጨናንቋል፤ እኔ ግን ከሻጯ በቀር ያናገርኩት የለም። ከገዛ ቤቴ የተባረርኩ መሰለኝና ሳልቆይ ተመለስኩ።

ስገባ ብድግ አለች። «ውሃ ጠጥቷል፣ በቀኝ ጎኑ አድርጌዋለሁ። ነገ በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ» ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«እኔ ነርስ አልጠየቅኩም!» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ባሌ እንኳን ዓይኑን ገለጠ።

ደነገጠች። «ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። ቁጭ ብለሽ አጫውቺኝ። አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ሰው ናፍቆኝ ልሞት ነው።»

ቆማ አየችኝ። «ወላሂ፣ የምጠቅማችሁ አልመሰለኝም» አለች። «እነሱ የተማሩ ናቸው። እኔ መሃይሟ ገብቼ ወሬዬን ብደፋ፣ አስቸግራለሁ ብዬ ነው። በበራችሁ ሳልፍ እንኳ እንዳታዪኝ ፈጠን እል ነበር።»

ጫማዋን ትታ ተቀመጠች። እሷ ድሪያዋን ታስተካክላለች፣ እኔ አንሶላውን። ሻሂ ልጥድላት ይገባኝ ነበር። ግን ከተነሳሁ እሷም የምትነሳ መስሎኝ፣ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩም።