ከግድግዳው ወዲያ የመለሰልን ምት

ልጅ ሳለሁ ምሽት ምሽት ተረት የምንሰማው ከመንገዱ ዝቅ ብላ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏ ኦልድ ካይሮ ውስጥ፣ ከማር ጊርጊስ የሜትሮ ጣቢያ ጀርባ፣ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ነበረች። የሚኖሩባት ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው አገር ቤት በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ መለከት ይነፉ የነበሩ፣ ኋላ በሱዳን በኩል ተሰደው ካይሮ የገቡ፣ ቀን ቀን በአንድ ግብፃዊ የእንጨት ሥራ ቤት ወንበር የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። የሰፈሩ የሐበሻ ልጆች ግን፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ እናቶቻችን ከከተማዋ ሌላ ዳር፣ ሄሊዮፖሊስ ከሚሉት ሰፈር፣ ከሰው ቤት ሥራ እስኪመለሱ ድረስ የምንቆየው እሳቸው ዘንድ ነበር።

መብራት ስለሚጠፋ ከመስኮቱ ሥር ፋኖስ አይታጣም። ብርድ ሲሆን ደግሞ በቆርቆሮ ጣሳ ከሰል አያይዘው መሐላችን ያስቀምጣሉ፤ ከሥራ ቤት ያመጡትን የእንጨት ፍቅፋቂ ጣል ሲያደርጉበት ጭሱ የቫርኒሽ ሽታ ይዞ ይነሳና ያኔ ሁላችንም ዓይናችንን እያሸን እንስቃለን።

የጋሽ ደምሴ ተረት እጅን አጣጥፎ የሚሰማ አልነበረም። ከቁርጥራጭ እንጨት ለእኔ ክራር፣ ከሸምበቆ ለታላቅ ወንድሜ ለዳዊት ዋሽንት ሠርተውልን ነበር፤ ነጂብ የሚባለው ጓደኛችን ደግሞ እናቱ እትዬ ዘይነባ ከገበያ የገዛችለት የሸክላ ከበሮ ነበረው። እሳቸው ሲተርቱ ዝናቡ የእኔ ክራር ነው፤ ነፋሱ የዳዊት ዋሽንት፤ የሰው እርምጃ የነጂብ ከበሮ። አንዳችን ከዘነጋን ተረቱ ባለበት ይቆማል። «ዝናቡ የት ሄደ?» ይሉና ያዩኛል፤ እኔም ደንግጬ ጅማቱን እነካለሁ።

ደጋግመን የምናስተርታቸው የሦስቱን አዝማሪዎች ተረት ነበር። ሦስት አዝማሪዎች ሠርግ ተጠርተው ሲሄዱ ገደል አፋፍ ላይ ጉም ይወርድባቸዋል። የገዛ እጃቸውን ማየት ሲሳናቸው፣ እንዳይጠፋፉ አንድ ምት አብረው እየመቱ ለመሄድ ተስማሙ። በምቱ መሐል ግን ማንም የማይነካት አንዲት ባዶ ቦታ ተዉ፤ የጓደኛቸውን እርምጃ የሚሰሙት በእሷ ነው። አንደኛው አዝማሪ በጉልበቱ የሚመካ ነበርና ባዶዋን ቦታ መታገሥ አልቻለም፤ ሞላት። ሲሞላት ጓደኞቹን መስማት ተወ፤ እየመታ፣ እየዘፈነ፣ ብቻውን ወደ ገደሉ አዘገመ። ጋሽ ደምሴ እዚህ ሲደርሱ ፍሙን በእንጨት ይነካካሉ።

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ ሁለቱ መምታታቸውን አቁመው ጠበቁት። ዝምታው ሲበዛበት ፈራ። ሲፈራ ቆመ። ሲቆም ሰማቸው።»

ያቺን ምት ለምደናት ነበር። ሁለቱ ከበድ ብለው ይወርዳሉ፣ አንዷ ቀለል ብላ ትከተላለች፣ ከዚያ ባዶዋ ቦታ፣ ከዚያ አንድ ብቻውን። ነጂብ ግን ባዶዋን ቦታ አንድም ቀን ትቷት አያውቅም። እጁ ያለ እሱ ፈቃድ ይወርድባታል። እሱ ሲሞላት እኔ የዳዊትን ዋሽንት አልሰማም፤ ዳዊት እኔን አይሰማም፤ የሦስታችንም ምት ሩጫ ይሆናል። ይህን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን ዓም ፋሩቅ፣ በእኛ ጋሽ ፋሩቅ፣ በዱላቸው ግድግዳውን ይደበድባሉ። ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ ነበሩ፤ ሙዚቃችንን አይወዱም ብለን ሁላችንም እንፈራቸዋለን። ሚስታቸውን ከመጋረጃ ጀርባ ካልሆነ አይተናቸው አናውቅም። ነጂብና እናቱ የሚኖሩት በዚያው በእነሱ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ነበር።

መስከረም አልቆ ጥቅምት እንደባተ ጋሽ ደምሴ ለሐበሻው ማኅበር በዓል እንድንጫወት ያዘጋጁን ጀመር። በአንዱ ምሽት ነጂብ ያቺን ቦታ ደጋግሞ ሲሞላት «ነገ ከበሮዋን ዳዊት ይይዛታል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ስማ» አሉት። ነጂብ ከበሮውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። በማግስቱም አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ጋሽ ደምሴ ለበዓሉ ልምምድ ሲሉ ከሥራ ቀደም ብለው ገብተው ነበርና ገና መጀመራችን ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ አሮጌ ክራር ማንም ሳይነካው ጮኸ። ጅማቶቹ ሲንቀጠቀጡ አየኋቸው፤ ሜትሮው በአጠገባችን የሚያልፍ መሰለኝ። ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ጋሽ ደምሴ እኔንና ዳዊትን በክንዳቸው ጠርገው ከእንጨት ጠረጴዛቸው ሥር ወረወሩን፤ ራሳቸው ግን አልደረሱም፤ ከጣሪያው የወረደ ልስን ግንባራቸውን መታቸው። ከውጭ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ያቃሰተ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ ምንም።

ስንወጣ መንገዱ ጠፍቶኝ ነበር። የለመድኩት ጥላ የለም፤ ፀሐይዋ ገብታ በማታውቅበት ቦታ ላይ ተዘርግታለች። የዓም ፋሩቅ ሕንፃ ፎቅ በፎቅ ላይ ተኝቶ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ክምር ሆኗል። የአንዱ ቤት መጋረጃ ከድንጋዩ መሐል ወጥቶ ይውለበለባል። ያኔ አልጮህኩም፣ አላለቀስኩምም። አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር መሰለኝ፣ ምላሴ ላይ አሸዋ እስከ ማታ ቆየ።

«ነጂብ ቀትር ላይ ደረጃውን ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለች አንዲት ጎረቤት።

ወንዶቹ በባዶ እጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ጀመር። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስም ይጠራል፤ ሴቶቹ ይጮኻሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጩኸት ብቻ። ጋሽ ደምሴ ደም ከግንባራቸው እየወረደ ክምሩ ላይ ወጡና ጆሮአቸውን ድንጋዩ ላይ ለጠፉ። በጩኸቱ የሚሰማ ነገር አልነበረምና ተነሥተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዳዊትን «የነጂብን ከበሮ አምጣት» አሉት።

በዓረብኛ ሰዉን ለመኑት። «ያ ጋማዓ፣ ወገኖቼ፣ ከዚህ ሥር አንድ ልጅ አለ። ይህን ምት ያውቀዋል። መትተን ዝም እንላለን፤ እባካችሁ እናንተም ዝም በሉ።»

አንድ ሰው አካፋውን ጥሎ «ይህ የከበሮ ሰዓት ነው?» ብሎ መጣባቸው። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ መሐል ገባ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ይሞክሩ። መጮኹንም ሞክረነዋል» አለ።

መታን። እኔ ክራሬን መቼ እንዳነሣሁት አላስታውስም፤ ብቻ እጄ ላይ ነበር። ዳዊት ይመታል፣ እኔ እነካለሁ፤ ግን የተበታተነ ነገር ነው የወጣን። ከሥር ምንም አልመጣም። ጋሽ ደምሴ መሐላችን ተንበረከኩ።

«አብራችሁ አይደላችሁም» አሉ፣ ልክ እንደ ማታው፣ ቀስ ብለው። «በዚህ ዓይነት ነጂብ አያውቃችሁም። ድንጋዩን ተዉት፤ እርስ በርስ ተያዩ።»

የወንድሜን ዓይን አየሁ። አቧራ የጋገረው ፊቱ ላይ ሁለት ዓይኖች ብቻ ነበሩ። ትንፋሹን ሲስብ አብሬው ሳብኩ። ሁለቱ ከባዶች፣ አንዷ ቀላል፣ ባዶዋ ቦታ፣ አንዱ ብቻውን። እንደገና። እንደገና። ከዚያ ቆምን። መንገዱ ሁሉ ዝም አለ፤ ሕፃናቱ እንኳ።

ከሥር፣ ከሩቅ፣ ብረት ድንጋይ ሲነካ ተሰማ። ሁለት ከባድ። አንዲት ቀላል። ባዶ። አንድ።

ከኋላችን አንድ ሰው «አላህ» አለ፣ በሹክሹክታ። ወንዶቹ ድምፁ ወደ መጣበት ጥግ ሮጡ። እኔ ግን ከደስታው ይልቅ ያደነዘዘኝ ሌላ ነገር ነበር። ባዶዋ ቦታ አልተሞላችም። «ነጂብ ተዋት» አልኩት ለዳዊት። «ሰማህ? ዛሬ አልሞላትም።» ዳዊት ከበሮውን እንደገና አነሣ።

እንዲህ እየመታን፣ እየቆምን፣ እየሰማን ቆፋሪዎቹን መራናቸው። መሐል ላይ ግን መልሱ ቀረ። መታን፤ የለም። ደግመን መታን፤ የለም። ጋሽ ደምሴ «ቀጥሉ» አሉን። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ሲመለስ ግን የተለየ ነበር፤ የሚያመነታ፣ ቦታውን እየፈለገ የሚወርድ፣ አሁን ገና የሚማር ልጅ ዓይነት። «ደክሞታል» ተባባልን።

ሊመሽ ሲል ፋኖሶች ወጡ። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ትልቅ ድንጋይ ሲያነሣ ከሥሩ እጅ ታየ። እጁ ማንኪያ ይዟል። ደም ሥሩ የተገታተረ፣ የሽማግሌ እጅ ነበር።

ዓም ፋሩቅ ነበሩ።

ሰዉ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ሲያወጣቸው እኛ ቆመን ቀረን። ጋሽ ደምሴ አቧራው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጂብ ካልሆነ፣ ነጂብ የታለ? ደግሞስ እኚህ ሰው ግድግዳ ሲደበድቡ ብቻ የምናውቃቸው አይደሉም ወይ፣ ባዶዋን ቦታ ከየት አወቋት?

ዳዊት እያለቀሰ ከበሮውን ይመታ ነበር። ከመንገዱ ጫፍ «ከበሮዬን ማን ነካው?» የሚል ድምፅ መጣ።

ነጂብ ነበር። እናቱ እትዬ ዘይነባ እጁን ይዛዋለች፤ የሁለቱም ጫማ በአቧራ ነጥቷል። ለካ ልጁ አኩርፎ፣ ቀትር ላይ ቤት ገብቶ ወዲያው ተመልሶ ወጥቶ፣ እናቱ ወደምትሠራበት ሄሊዮፖሊስ ሄዶ ኖሯል። መጓጓዣው ሁሉ ሲቆም ከዚያ ድረስ በእግራቸው መጡ። ነጂብ ክምሩን ያየው ከበሮውን ከጠየቀ በኋላ ነው። እትዬ ዘይነባ እዚያው ተንበረከከች። ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ሄዱና የልጁን ሁለት እጆች ይዘው እያገላበጡ አዩዋቸው፤ አንዴ መዳፉን፣ አንዴ ጀርባውን። አልተቆጡትም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው አልነበረም። ሜዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ሐበሻውም ግብፃዊውም ከሰል ከብበን እናመሻለን። በአንዱ ምሽት ዓም ፋሩቅ ክንዳቸው በጨርቅ ታስሮ ከሆስፒታል መጡና እሳታችን ዳር ተቀመጡ። ሚስታቸው በሕይወት አለመውጣታቸውን ሰምተን ስለነበር ቀና ብሎ የሚያያቸው ጠፋ። ጋሽ ደምሴ ሻይ ቀዱላቸው።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ልጆቹን አስፈራርቻቸው ነበር» አሉ ዓም ፋሩቅ በዓረብኛ። «ግድግዳውን የምመታው እንድትተዉ ነው። ሚስቴ ግን ‹ተዋቸው› ትለኝ ነበር። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ አብራችሁ ትመታለች። ያ ልጅ ሲሳሳት ‹ደግሞ ሞላት› ብላ ትስቃለች።»

ነጂብ አንገቱን ደፋ።

«ያን ቀን መጀመሪያ የመለሰችላችሁ እሷ ናት። ማንኪያው በእጇ ነበር። ጨለማ ስለነበር አላያትም ነበር። ‹ምን እየሠራሽ ነው?› አልኳት። ‹ልጆቹ መጡልን› አለችኝ። ስትመታ፣ ስታርፍ፣ ለእኔም ስትነግረኝ ቆየች፤ ‹እዚህ ላይ አትምታ፣ ዝለላት፣ አሁን ምታ።› ኋላ ዝም ስትል ማንኪያውን ከእጇ ወሰድኩት።»

ያኔ የመታኝ ድንጋጤ ከመሬት መንቀጥቀጡ አያንስም እላለሁ። መልሱ በቀረበት ያን ያህል ጊዜ፣ እኛ «ደክሞታል» ስንባባል፣ ከሥራችን የሆነውን አሁን ገና ሰማሁ።

«ስማቸው ማን ነበር?» አልኳቸው።

«ነዋል» አሉኝ።

ዓም ፋሩቅ ብዙም ሳይቆዩ ቤት ከፈረሰባቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ከከተማው ዳር ወደ ተሠራ ሰፈር ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አላየናቸውም። ጋሽ ደምሴም ዛሬ በሕይወት የሉም። ነጂብ ወደ ከበሮው ለመመለስ ወራት ፈጀበት፤ ሲመለስ ግን እጁ የሌላ ሰው እጅ መስሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ ሌሎቻችንን እያየ ነበር የሚወርደው።

አድጌ አርድ ኤል ሊዋ ወደሚባለው የካይሮ ሰፈር ስገባ እኔም በተራዬ አርብ አርብ ልጆች ሰብስቤ ማስተማር ጀመርኩ፤ የሐበሻም፣ የሱዳንም፣ የግብፃዊ ጎረቤትም ልጆች። አንዳንድ እናቶች «ልጄ ከዚህ ምን ያተርፋል?» ብለው ይጠይቁኛል። ልጆቹ መደማመጥ እንደሚለምዱ፣ ጠብ እንደሚቀንሱ፣ ዓይናፋሩ እንደሚደፍር እነግራቸዋለሁ፤ ሁሉም በዓይኔ ያየሁት እውነት ነው። ስለ ነዋል ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም። ጀምሬ አውቃለሁ፤ ሳልጨርሰው ክራሬን አነሣለሁ። ያኔ የምንጫወተው ለራሳችን ይመስለን ነበር። አንዲት ሴት በዚያ ሁሉ ምሽት፣ ሥራዋን እየሠራች፣ አራተኛችን ሆና ስትጫወት ኖራለች፤ ከመካከላችን ግን አንዳችንም አንድ ቀን በሯን አንኳኩተን «ነይ፣ አብረን እንቀመጥ» ያላልናት፣ ከግድግዳው ወዲያ አብራን እንደምትመታ ስላላወቅን ነው።