ሳንባዬና የሸማኔው ጉድጓድ

መጀመሪያ የያዘኝ ደረቅ ሳል ነው። ብርድ ነው ብዬ ወራት ገፋሁት። አንድ ጠዋት የጀመርኩት ጋቢ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። የጥለቱ ክር ቀለም የለቀቀ መሰለኝና ክር ሻጩን ረገምኩት። በጣቴ ነካሁት። ደም ነው። የራሴ ደም።

እኛ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የምንሠራው ቤት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠን፣ እግራችንን ወደ ታች ሰደን ነው። ነፋስ ድሩን እንዳያወዛውዝ፣ አቧራ ነጩን እንዳያቆሽሽ ብዬ መስኮቱን በላስቲክ የጠረቀምኩት እኔው ነኝ። እዚያ ታፍኜ ሃያ ዓመት ሠራሁ።

ሐኪም ቤት ሄጄ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ባዮፕሲ ተወሰደ። የሳንባ ካንሰር።

"ሲጋራ ያጨሳሉ?" አለችኝ ዶክተሯ።

"በአፌ ዞሮ አያውቅም።"

እሷ አመነችኝ። የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ ግን ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ወንድሜ፣ ንስሐ ግባ፤ ደብቀህ ታጨስ ነበር አይደል?" አለኝ። እኔ ሊጸልይልኝ የመጣ መስሎኝ! "ውጣልኝ!" አልኩት። እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።

ከቀኝ ሳንባዬ አንዱን ክፍል ቆርጠው አወጡ። ኬሞ ቀጠለ። ጸጉሬ ረገፈ። እህል ጠላሁ። ጠያቂ ጠላሁ። ራሴንም ጠላሁ።

ዶክተሯ ስለ ሥራ ቤቴ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "ራዶን የሚባል ጋዝ አለ" አለች። "ከአፈርና ከድንጋይ ውስጥ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ታፍኖ በሚውል ቤት ይጠራቀማል፤ ሳንባ ይጎዳል። የእርስዎን ሕመም ያመጣው እሱ ነው ብዬ አልምልም። ቤቱን ግን ያስለኩ።"

ክው አልኩ። እኔ ታምሜ ስተኛ ጉድጓዱ ላይ የተተካው ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያስጨነቀኝ የእሱ ሳንባ ነው።

ስለ ራዶን የሚያጠና አንድ ተመራማሪ ለምነን መለኪያ ሰጠን፤ ከቡጢ የማትበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ሰው በሚውልበት ክፍል፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብላ፣ ሦስት ወር ሳትነካ መቀመጥ አለባት። እኔ ለማገገም እህቴ ቤት ስለነበርኩ ለደሳለኝ አደራ ሰጠሁት። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነ። እፎይ አልኩ፤ "በል ሥራህን ሥራ" ያልኩትም እኔው ነኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ አስቴር እያለቀሰች መጣች። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። መለኪያዋ የከረመችው በረንዳ ላይ ተሰቅላ ነው። ደሳለኝ ነው የሰቀላት፤ ቤቱ መርዝ አለው ከተባለ ሸማችንን ማን ይገዛናል ብሎ ነው።"

ደሜ ፈላ። በጎደለ ሳንባ ዳገቱን እያረፍኩ ወጣሁና በሩን በርግጄ ገባሁ። "አንተ ጅል! የእኔ አልበቃህም?"

"ጋሼ፣ እኔን እግዚአብሔር ይጠብቀኛል።"

"እሱማ ሊጠብቅህ መለኪያ ሰጥቶህ ነበር! አንተ በረንዳ ላይ ሰቀልካት እንጂ!"

ያን ዕለት የሽመና ዕቃውን ጎረቤት እያየ አስነቅዬ አስወጣሁት። ከተመራማሪው ሁለተኛ መለኪያ ተቀብዬ በእጄ አስቀመጥኩ፤ አስቴር ጠበቀችው። ውጤቱ ከሚመከረው መጠን በብዙ የበለጠ ሆነ።

አሁን ጉድጓዱ በድንጋይ ተሞልቶ፣ ላዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ ሊሾ ሆኗል፤ ከወለሉ ሥር የተቀበረ ቱቦም አየሩን ከጣሪያ በላይ ያወጣል፤ መስኮቱም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከዚያ በኋላ ድጋሚ አስለካን፤ ወርዷል። እኔም ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለው የእጽዋት ማዕከል ቀስ እያልኩ፣ በየመንገዱ ግንብ እየተደገፍኩ፣ ሳልቸኩል እሄዳለሁ፤ ምርመራዬንም አላቋርጥም።

እናንተም እንደ እኔ በታፈነ ቤት የምትውሉ፣ ሳል ሳምንታት ከቆየባችሁ ሂዱና ታዩ። ቤታችሁን አስለኩ፤ መለኪያውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ፤ ስላደሳችሁ ብቻ አትዘናጉ፣ ደግማችሁ አስለኩ። የታመመን ሰው ደግሞ "ምን አድርገህ ነው?" ብላችሁ አታድሙት። ዶክተሯን እግዚአብሔር ይስጣት። አስቴርን ከሁሉ በላይ፤ ባሏን አጋልጣ አተረፈችልኝ።

ደሳለኝ አሁን ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው። ሰው ፊት አዋረድከኝ ብሎ አኩርፎኛል፤ ሰላምታም አይሰጠኝም። ያኩርፍ። የሚያኮርፍ በሕይወት ያለ ሰው ነው።