እንሶስላ የተሞቀበት ተዝካር

በየዓመቱ ጥር ሲገባ ከባልደረቦቼ አንዷ ለዘመድ ሠርግ ገጠር ከርማ፣ እጇን እንሶስላ ሞቃ ወደ ሥራ ትመለሳለች፤ እርጥብ አፈርና ጭስ የተቀላቀለበት ያ የተቀጠቀጠ ሥር ሽታ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ያለውን የነርሶች ክፍላችንን መስኮት ብከፍት እንኳ አይወጣልኝም። ሌሎቹ «እንዴት ያምራል!» እያሉ እጇን ተቀባብለው ሲያዩ እኔ ተናድጄ ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ። ሠርግ ሠርግ ሲሸተው የሚናደድ ሰው አለ? እኔ አለሁ።

ያደግነው ከማክሰኝት ሽቅብ በእግር ተወጥቶ በሚደረስበት ደጋ ነው። እህቴ ትርንጎ ከእኔ አምስት ዓመት ትበልጥ ነበር። ክረምት ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ ቤት ሲያውለን፣ ያለፈውን ዓመት መጽሐፏን ምድጃ ዳር ገልጣ ታስተምረኝ ነበር፤ ፊደል የቆጠርሁት በእሷ ጣት ነው። ሳጠፋ ኩርኩም ታቀምሰኝ፣ ሳውቅ ከራሷ ቆሎ ቆንጥራ ትጨምርልኝ ነበር። ነርስ እሆናለሁ ትል ነበር፤ አባቴ ይህን ሲሰማ ይስቅና «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል። ይህን ተረት ያወጣው ማን እንደሆነ ባውቅ መቃብሩ ድረስ ሄጄ እሞግተው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትርንጎ ስድስተኛ ክፍል በገባች በወሩ ግድም፣ ከደንቢያ፣ ከኮላ ድባ በኩል ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ በሬ ሊገዙ ነው አለን። እናቴ እግራቸውን እንድታጥብ ትርንጎን አዘዘቻት፤ አጎንብሳ ስታጥብ አንደኛው ትክ ብሎ አይቷት «ሸጋ ልጅ ናት» አለ። በረቱን ለማየት የተነሣ ግን አልነበረም።

አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራው ሲሞላ አባቴ በጥር የአያታችንን ተዝካር እንደሚያወጣ ተናገረ። የአያቴ ተዝካር እኔ ሳልወለድ ወጥቶ ያለቀ ነው! ነገሩ ወዲህ ነው፤ ልጅ መዳር በሕግ ስለተከለከለ አገሩ ሁሉ ብልሃት አግኝቶ፣ ሠርጉን ተዝካር ብሎ መጥራት ለምዶ ነበር። ዳሱ ያው ዳስ፣ ጠላው ያው ጠላ ነው፤ ከበሮና እልልታ ብቻ ይቀራል። ጎረቤቱ ያውቃል፣ ዘመዱ ያውቃል፣ የነፍስ አባታችንም ያውቁ ነበር። የማታውቀው ሙሽራዋ ብቻ ነበረች። እህቴ ለገዛ ሠርጓ ጌሾ ወቀጠች፣ በርበሬ ቀነጠሰች፣ ከምንጭ እየተመላለሰች ውኃ ቀዳች፤ «ለአያቴ ነፍስ ነው» ብላ ወገቧ እስኪቆረጥ ደክሟት እንኳ አታማርርም ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ በሟች ነፍስ ስም አታለው የገዛ መከራዋን አስደገሷት።

የድግሱ ዋዜማ ከሰዓት ላይ፣ አክስቴ አበባ እንሶስላ ቀጥቅጣ በገበቴ ይዛ መጣችና ትርንጎን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እጅሽን አምጭ።»

«ምነው አክስቴ፣ ለተዝካር እንሶስላ ይሞቃል?»

አክስቴ አንድ እጇን ስባ መቀባት ጀመረች። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ትርንጎ ያን ጊዜ ገባት። አንድ እጇ እንደተቀባ ተነሥታ፣ በጓሮ በኩል ወጥታ፣ መምህሯ ወደምትኖርበት ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሮጠች። መንገድ ላይ የቀበሌያችን ሚሊሻ አገኛት። ልጅ መዳር እንደሚያሳስር በየስብሰባው ሲያስጠነቅቅ የነበረው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ የሚያድናት መስሏት ሁሉንም ነገረችው። እሱም እጇን አፈፍ አድርጎ ይዞ እየጎተተ አመጣትና ለአባቴ አስረከበ።

«አያ ሞላ፣ ምነው? ልጅዎን ይጠብቁ እንጅ! ሰው ያያል» አለው።

በማግሥቱ ያው ሚሊሻ ዳሱ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ሥጋውን ሲቆርጥ አየሁት። ወደ ማምሻው እህቴን በቅሎ ላይ አውጥተው ወደ ደንቢያ ሲወስዷት ማንም እልል አላለም። ተዝካር ነውና ማልቀስ አይከለከልም ነበር፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

በቀጣዩ ክረምት ጭቃ በጭቃ ሆና በእግሯ መጣች፤ ጀርባዋን የዱላ ሰንበር ተልትሎታል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የእናቴን ጠላ ጠጥተው፣ ጢማቸውን ጠርገው «የሴት ቤቷ የባሏ ቤት ነው» ብለው መለሷት። ሰንበሩን እንዲያዩ የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም አላዩም። ዳግመኛ ስታመልጥ ወደ እኛ አልመጣችም፤ ጎንደር ገብታ ሰው ቤት ተቀጠረች።

እኔም እሷ በተዳረችበት ዕድሜ ስደርስ በሬ ገዥዎቹ መምጣት ጀመሩ። ትርንጎ ከገበያተኛ ሰምታ፣ ከጎንደር ገስግሳ መጥታ፣ ደጃፋችን ላይ ቆመች። «ይችን አትነኳትም! ብትነኳት እከስሳለሁ፤ የምከስሰውም ቀበሌ አይደለም» አለች። አባቴ ዱላውን አነሣ፤ ንቅንቅ አላለችም። ያን ቀን ተከትያት ሄድሁ፤ የሰው ልብስ እያጠበችም አስተማረችኝ።

ባለፈው ዓመት አባቴ ታሞ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ስገባ፣ አጠገቡ ለተኛው ሰው ወደ እኔ እየጠቆመ «አስተምሬ ለዚህ አበቃኋት» ይላል። ትርንጎ ምሳ አምጥታለት፣ እጁን ልታስታጥበው ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። ደሜ ፈላ።

«ያስተማረችኝ እሷ ናት! እርስዎማ ሊድሩኝ ነበር» አልሁት።

«ያን ጊዜ ሁሉም እንዲህ ነበር፣ ልጄ።»

ትርንጎ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። «ሁሉም አልነበረም፣ አባየ። የተዳርሁት እኔ ነበርሁ» ብላ ወጣች። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ፤ ይቅርታ ሳይል ዳነ፣ ሳይል ወደ አገሩ ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተናደድሁ አለሁ፤ ይብረድልኝ ብየም አልጸልይም።

አሁን ትርንጎ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ልጄ፣ እህቴ በተዳረችበት ዕድሜ ላይ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ወጥታ እንኳ ከአልጋዋ አትነሣም፤ እኔ «ተነሽ፣ ክፍልሽን አጽጂ» እያልሁ ስጨቀጭቃት ትርንጎ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋና «ተያት ትተኛ፤ ልጅ እኮ ናት» ትለኛለች። ያን ጊዜ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለእሷ ይህን ያለላት አንድም አልነበረም።