ግራዝማች ገብረ መድህን የተሸነፉበት ምርጫ

ግራዝማች ገብረ መድህን በ1965 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሊወዳደሩ ነው ሲባል በአሰላ አጠገብ ባለችው በሳጉሬ የተደነቀ ሰው አልነበረም። እንዲያውም «እስከ ዛሬ ምን ሲጠብቁ ኖረዋል?» ያለው ይበዛል። አያታቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ፣ አባታቸውም እዚያው የተቀበሩ፣ እሳቸው ራሳቸው በአጥቢያ ዳኝነት የሰውን ጠብ ሲያበርዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል ያቀላጥፉታል። ሙስሊም ጎረቤት ለቅሶ ሲቀመጥ ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ እሳቸው ናቸው። ዝናብም ሆነ ፀሐይ ካቦርታቸው ከትከሻቸው አይወርድም፤ ሲናገሩም ድምፃቸው ከፍ አይልም።

የቆሙለት ነገርም ግልጽ ነበር። በዚያን ጊዜ የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ነገር በአዲስ ሕግ እናስተካክል የሚል ክርክር አዲስ አበባ ላይ ተነሥቶ ነበር። ተማሪውም በየአደባባዩ መሬት ላራሹ ይላል። ግራዝማች ይህን ሁሉ አይወዱትም። «ባለመሬትና ጭሰኛ በአባቶቻችን ሥርዓት ተከባብረው ኖረዋል። በመካከላቸው ወረቀት ሲገባ ያን ጊዜ ይጣላሉ» ይላሉ። ፊደል ያልቆጠረው መራጭ እንዲለያቸው የምርጫ ምልክት አምጡ ሲባሉ ጥንድ በሬ መረጡ። ሥዕሉንም ወደዱት።

አንድ የገበያ ቀን ከእህል ተራው አጠገብ ቆመው ስለዚሁ ሥርዓት ሲናገሩ፣ ከዲጃ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ቅሏን እንደ ያዘች ጠጋ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው።

«ግራዝማች፣ በሬዎቹ መልካም ናቸው። የሚጠምዳቸው ግን ማን ነው?»

ሰው ሳቀ። ግራዝማችም አብረው ሳቁና «የሚጠምዳቸው አይጠፋም፤ አንቺ ብቻ ምረጪኝ» አሏት። ማታ ይህንኑ ለሚስታቸው ለወይዘሮ አልጣሽ ሲያጫውቱ፣ አልጣሽ ግን አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ከተፎካካሪዎቻቸው ዋናው ጅብሪል የሚባል የአሰላ እህል ነጋዴ ነበር። ጅብሪል ብዙ አይናገርም። አዲሱ ሕግ ይውጣ፣ ጭሰኛ ያለ በቂ ምክንያት ከመሬቱ አይነሣ፤ ንግግሩ ይኸው ነው። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ አዘኑለት እንጂ አልሰጉም። ገበሬ ይህን የመሰለ ነገር ከነጋዴ አፍ ሰምቶ ያምናል ብለው አላሰቡም።

ምርጫው ተደርጎ ውጤቱ በሚነገርበት ቀን ግራዝማች አሰላ ሄዱ። በአውራጃው ግቢ ጭቃ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ካሣዬ የሚባለው የምርጫው ጸሐፊ በረንዳው ላይ ወጥቶ ጣቢያ በጣቢያ ማንበብ ጀመረ። ከሌሎቹ ጣቢያዎች ብዙ እንዳላገኙ ሲሰሙ ግራዝማች አልደነገጡም፤ የሳጉሬው ያካክሰዋል ብለው ጠበቁ። ሳጉሬ ሲደርስ ካሣዬ «ግራዝማች ገብረ መድህን፣ አሥራ አንድ» ብሎ አለፈ።

ግራዝማች እጃቸውን አነሡ። «አንድ ጊዜ ልጄ፣ ከፊቱ ያለውን መቶ ዘለኸዋል።»

ካሣዬ ወረቀቱን ደግሞ አየ። «አልዘለልኩም ግራዝማች። አሥራ አንድ ነው።»

ከአጠገባቸው የቆሙት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ማንም አልሳቀባቸውም፤ ቢስቁባቸው ይሻላቸው ነበር። ያሸነፈው ጅብሪል ከሰው መሐል መጥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሣቸው «እንኳን ደስ ያለህ» ማለታቸውን አያስታውሱም። ብለዋል ግን፤ የሰሙ አሉ። ወደ ሳጉሬ የመለሳቸው መኪና ላይ ማን እንዳሳፈራቸውም አላወቁም።

ቤት ገብተው ካቦርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። አልጣሽ ውሃ አቀረቡላቸው፤ አልነኩትም።

«ተጭበርብሯል» አሉ ቆይተው። «የቤቴ ሰውና ዘመዶቼ ብቻ ከአሥራ አንድ ይበልጣሉ። አንቺ አለሽ፣ ወንድሞችሽ አሉ፣ የአክስቴ ልጆች...»

«እኔን አይቁጠሩኝ» አሉ አልጣሽ።

ግራዝማች ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም። «አልመረጥሽም? አሞሽ ነበር?»

«መርጫለሁ። የጅብሪልን ምልክት ነው የከተትኩት።»

ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ሴት ናቸው። ግራዝማች ቁጣው እንኳ አልመጣላቸውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ነግሬዎታለሁ። ካቻምና ጋሻ መሬቱን ለባለ ትራክተሩ ሲያከራዩ ነግሬዎታለሁ። ቱፋ የት ይወድቃል ብዬ ስጠይቅዎ ቤትሽን ጠብቂ አሉኝ።»

ቱፋ ከአባቱ ጀምሮ በግራዝማች መሬት ላይ ሲያርስ የኖረ ጭሰኛ ነበር። መሬቱ ለባለ ትራክተሩ በኮንትራት ሲሰጥ ከሌሎቹ ጭሰኞች ጋር ተነሥቶ ወደ ኦጎልቾ ቆላ ወርዷል።

«ቱፋን በወጉ ነው የሸኘሁት» አሉ ግራዝማች። «ዕቃውን የጫነው በእኔ በቅሎ ነው።»

«አዎ። የሚያሰማራበት ስለሌለውም ሁለቱን በሬዎቹን እርስዎ ገዙት። አንዱን ለፋሲካ አረድን፣ አንዱን ሸጡት። ከዚያ መጥተው የጥንድ በሬ ሥዕል ያዙ።» አልጣሽ ያልተነካውን ውሃ አነሡ። «ሥዕሉን ያየ ሁሉ ምን እንደሚል እርስዎ ብቻ አላወቁም። እኔ ገበያ መውጣት አፍሬ ነበር።»

ግራዝማች በአእምሯቸው ውስጥ ያን የገበያ ሳቅ እንደገና ሰሙት። አብረው ሲስቁ የነበሩት ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከቤት አልወጡም። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ ማን እንደ ከዳቸው ሊነግራቸው ይጀምራል፤ እሳቸው ግን አያስጨርሱትም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲጠና ወደ ኦጎልቾ ወረዱ። አልጣሽ ለቱፋ ሚስት ለዘሀራ የሚሰጥ ሻሽ አስያዟቸው።

ቱፋን ያገኙት በሰው መሬት ላይ በቆሎ ሲሸለቅቅ ነው። ከስቷል። እንደ ዱሮው ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው፤ ጥላ ፈልጎ አስቀመጣቸው፤ ወተት አስመጣላቸው። ግራዝማች ወተቱን ሳይቀምሱ ከአጠገባቸው አኖሩት።

«ቱፋ፣ በድዬሃለሁ?»

«በሥርዓቱ ነው የሸኙኝ ግራዝማች» አለ ቱፋ። «ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። በሥርዓቱ ስለሆነም የምከስበት አጣሁ። ዳኛውም እርስዎ ነበሩ።»

ይህን ያለው ያለ ቁጣ ነው፤ የዝናቡን ነገር እንደሚያወራ ሰው። ግራዝማች በዳኝነት ዘመናቸው ብዙ መራራ ንግግር ሰምተዋል። እንዲህ ዝግ ብሎ የተነገረ ግን አልገጠማቸውም።

«ኮንትራቱ ሲያልቅ መሬቱን እመልስልሃለሁ። ና ወደ አገርህ።»

«እስከዚያ ድረስ ስንት ነገር ይመጣል» አለ ቱፋ። «እዚህ ቁልቁል የማርስበት ቁራሽ አግኝቻለሁ። አልመለስም፤ አይቀየሙኝ።»

ለመሄድ ሲነሡ ዘሀራ ከጎጆዋ ወጣች። ሻሹን ተቀብላ ዘርግታ አየችው፣ አጣጥፋም በብብቷ ያዘችው። ከዚያ ስለ አልጣሽ ብቻ ትጠይቅ ጀመር፤ ጉልበታቸውን ይሻላቸው እንደሆነ፣ ቀይዋ ላም ወልዳ እንደሆነ፣ ዛሬም ያን የጎመን መደብ ራሳቸው እንደሚያርሙ። ግራዝማች ሁሉንም በኦሮምኛ መለሱላት። ስለሳቸው ግን አንድም አልጠየቀቻቸውም፤ እንዴት ኖሩ እንኳ አላለቻቸውም። ጥያቄዋን ስትጨርስ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች፤ እሳቸውም መኪናው እስኪመጣ ከመንገዱ ዳር ብቻቸውን ቆሙ።