ጋሽ ደረጀ በማድረቂያው ቆርቆሮ ላይ የነገሩን ዘፈን

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማበት ምድጃ አልነበረንም። የነበረን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ የምንኖርበት ረጅም ሕንፃ ቤዝመንት ውስጥ። እሳት አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። የድሮዎቹ ማድረቂያዎች በጋዝ ነበር የሚሠሩት፤ ከታች በኩል አንዲት ቀዳዳ አለች፣ ጎንበስ ብለው ካዩዋት ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ሲርገበገብ ይታያል። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ይጠፋል፣ ይበራል። ክፍሉ ሳሙና ሳሙናና የተቃጠለ ክር ይሸታል። ያኔ ቅዳሜ ማታ እናቴ ሥራ ስለምትገባ ልብስ የምናጥበው እኔና የአክስቴ ልጅ ቢኒያም ነበርን፤ ጋሽ ደረጀንም የምናገኛቸው እዚያው ነው።

ጋሽ ደረጀ እኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀን ቀን ዳውንታውን ፓርኪንግ ሎት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣታቸው ይዘው፣ ማድረቂያውን ተደግፈው፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ አንዱ እያዛወሩ ነው የሚያወሩት። ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። እኛም አንቀመጥም፤ ማሽን ላይ እንወጣለን፣ እንወርዳለን፣ በልብስ ጋሪው እንጋፋለን። ሌሎች አዛውንቶች ስለ አንበሳና ስለ ጅብ ይነግሩናል። የጋሽ ደረጀ ተረት ግን አንድ ብቻ ነበር።

«እሺ፣ የት ላይ አቆምን?» ይሉና መልስ ሳይጠብቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ። «አንድ ልጅ ነበር፣ ካሊፎርኒያ። ወላጆቹ የሜክሲኮ ዘር ናቸው፣ ድሆች። ልጁ ግራኝ ነው፣ ያገኘው ጊታር ግን የቀኝ። ምን አደረገ? በቀኙ ተማረ።»

«ስፓኒሽ ይችላል?» ይላል ቢኒያም፣ መልሱን እያወቀ።

«የት ይችላል፣ እንዳንተው ነው እንጂ። እናቱ ስትጠራው ‹ኮሚንግ!› ነው የሚላት።»

ይህችን ‹ኮሚንግ› ከራሳቸው እንደጨመሯት አሁን ይገባኛል። ቋንቋውን እምብዛም አለመቻሉ ግን እውነት ነው፤ በኋላ አንብቤዋለሁ። ያ ልጅ እንግዲህ በወላጆቹ አገር በሰርግ ላይ የሚዘፈን የጥንት ዘፈን አነሳ፤ በማይናገረው ቋንቋ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በሮክ ምት ተጫወተው። ከሱ በፊት እንዲህ የደፈረ ብዙ የለም። እዚህ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ደረጀ በጣታቸው አንጓ የማድረቂያውን ቆርቆሮ እየመቱ ዜማውን በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩታል። ቆርቆሮው ትኩስ ስለነበር እጃቸውን ቶሎ ቶሎ ያነሱት ነበር፤ ምቱም በዚያው ይፈጥናል።

ዘፈኑን የሰሙት በልጅነታቸው፣ አስመራ፣ የአሜሪካን ወታደሮች ሬዲዮ ሲያስተላልፈው ከአንድ ቡና ቤት መስኮት ስር ቆመው ነው። «የዚያን ቀን እግሬ ቤት አልገባም አለኝ» ይሉ ነበር። ከዚያ ጊታር ተማሩ፤ አዲስ አበባ ሄደው የአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ገቡ።

መጨረሻው ሁልጊዜ አጭር ነው። «ስምንት ወር ብቻ ዘፈነ። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አውሮፕላን ይፈራ ነበር፤ ግን ተሳፈረ።» ሲጋራቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። «በረዶ ነበር» ይሉና ሸሚዛቸውን ማጠፍ ይጀምራሉ።

ቢኒያም ግን ሊፍት ውስጥ ስንገባ ይጀምረኛል። «ፌክ ነው። ጊታር እንኳን የለውም።»

«የላቸውም በል።»

«ዋትኤቨር። ፓርኪንግ ሎት ነው የሚሠራው።»

ዘፈኑን ሬዲዮ ላይ ጠብቄ አጥቼዋለሁ፤ በእጄ ያለው ጋሽ ደረጀ ያንጎራጎሩት ዜማ ብቻ ነበር፣ ሰብዌይ ባቡር ውስጥ ለራሴ እለዋለሁ። የቢኒያም ቃል እንዲያ ያንገበግበኝ የነበረበት ምክንያት አሁን ነው የሚገባኝ። እኛ ሕንፃ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ድሮ ሌላ ነገር ነበር፦ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ዳይሬክተር። ማታ ማታ ቢሮ የምታጸዳው እናቴም አገሯ ነርስ ነበረች። ለማናቸውም ማስረጃ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ደረጀ ከዋሹ ሁሉም የዋሹ መሰለኝ፤ እናቴም ጭምር።

በጸደይ ታናሿ አክስቴ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለ አዳራሽ ተዳረች። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከበሮው ተመታ፣ ባንዱ ተቀበለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ። ያ ዜማ ነው፤ የማድረቂያው።

«ይሄ እኮ የሜክሲኮው ልጅ ዘፈን ነው!» አልኩ።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀብኝ። «የምን ሜክሲኮ?» አለች እናቴ። «እኔም የተዳርኩበት ነው።»

ቢኒያም አፉ በዳቦ ተሞልቶ፣ «አላልኩሽም? ሜድ ኢት አፕ፣ ፈጠራ ነው» አለ።

ጥግ ላይ ወደሚበሉት ጋሽ ደረጀ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ዘፈኑ የእኛ ነው እንዴ? ልጁስ?»

ጉርሻው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። አዳመጡ። «ይሄን ነው ሳንጎራጉርላችሁ የከረምኩት?»

«አዎ።»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ። «የሱን ሰምቼ ጊታር እንደያዝኩ መጀመሪያ የሞከርኩት ይሄን ነው፣ እሙዬ። እናቴ ሰርግ ቤት የምትለውን። እሱ የእናቱን አገር ዘፈን በጊታር ካደረገው እኔስ ምን ይከለክለኛል ብዬ። ይኸው፣ ሁለቱ ተደባልቀውብኝ ኖረዋል።»

«የሱስ ታዲያ የት አለ?»

እጃቸውን ታጠቡና ወደ መድረኩ ሄዱ። ባንዱ ዘፈኑን ጨርሶ ሊበላ ወርዶ ነበር፤ ጊታሪስቱ፣ «ጋሼ፣ ይጠንቀቁልኝ» እያለ ሰጣቸው። የመጀመሪያው ድምፅ ተንሻፈፈ። ቢኒያም ሳቀ። ጣታቸውን አፍታቱ፣ ክሮቹን ቃኙ፣ የሰርጉን ዜማ ጀመሩ፤ ሰው ማጨብጨብ ያዘ። ከዚያ ሳያቋርጡ የቀኝ እጃቸው ምት ተለወጠና ሰምቼው የማላውቀው ነገር ወጣ። ፈጣን ነው፣ ይሽከረከራል። በኋላ ራሴን ጊታር ሳስተምር ምስጢሩን አገኘሁት፦ ሦስት ኮርድ፣ ሦስት የክር ቅንጅት ብቻ ናቸው፤ መነሻቸው ላይ ደርሰው አረፉ ስትሉ ተመልሰው ይነሳሉ። ሰው ሳይወዛወዝ ቆሞ ሊሰማው የማይችለው ለዚህ ነው።

ያኔ የኩሽናው በር ተከፈተ። ሰሃን የሚያጥበው ሰውዬ እስከ ክንዱ ጓንት እንዳጠለቀ ወጣ፤ ውሃው ከክርኑ ይንጠባጠባል። በስፓኒሽ ዘፈነ፣ ሳይጮህ፣ ቤቱ እንዳለ ሰው። ጋሽ ደረጀ ዞር ብለው አዩት፤ እጃቸው ሊቆም ምንም አልቀረውም፣ ግን አልቆመም። አብረው ጨረሱት። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ቢኒያም ሮጦ ሄዶ ዘፈኑ የማን እንደሆነ ሰውዬውን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። «የአንድ ልጅ» አለው ሰውዬው። ከዚያ ጓንት ያጠለቀ እጁን እንደ አውሮፕላን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ወደ ታች አወረደው።

ጋሽ ደረጀ ጊታሩን መልሰው ምግባቸውን ሊጨርሱ ሄዱ። ወደ ቤት ስንመለስ ቢኒያም ሰብዌይ ውስጥ፣ «ጊታር መግዛት አለባቸው» አለ። «አለባቸው» ነው ያለው፣ ማንም ሳያርመው። እኔ ደግሞ እናቴ ትከሻ ላይ ተደግፌ፣ ነርስ ሳለሽ የት የት ነው የሠራሽው ብዬ ጠየቅኳት። ጣቢያችን ደርሰን እንኳን አልጨረሰችም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ልጁ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ከሱ በኋላ የእናታቸውን ቋንቋ ይዘው ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ለመቆም የደፈሩትን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስቆጥር እውላለሁ። ከዝርዝሬ ውስጥ ጋሽ ደረጀም አሉበት፤ መጽሐፎቹ አያውቋቸውም እንጂ። የልጁን ዘፈን ካሴትም አገኘሁት። አውቶቡስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው እግሬ አያርፍልኝም፤ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ የሰርጉን እልልታ እጠብቃለሁ። አይመጣም። ሰው እንዳይሰማኝ አፌን በእጄ ሸፍኜ እኔው እልል እላለሁ።