የቦዲል ግድግዳ

ቦዲል ቶፍት ስልክ ስታነጋግር ያላየ ሰው ማዳመጥም ሥራ መሆኑን አያውቅም። ራነርስ ከተማ ባለው የእርሻና የቤት ኢንሹራንስ ድርጅታችን ውስጥ፣ አውሎ ነፋስ የሰው ጣሪያ ገልጦ በሄደ ቁጥር ስልኩ የሚደርሰው እሷ ዘንድ ነበር። የእኛ አገር፣ የምዕራብ ዩትላንድ ገበሬ ደግሞ ስልክ ይዞ አያወራም፤ ይተነፍሳል። ስለ አየሩ አንድ ነገር ይላል፣ ዝም ይላል፣ "እንግዲህ…" ይላል፣ እንደገና ዝም ይላል። የላሞቹ ጋጣ መደርመሱን የሚናገረው ስልኩን ሊዘጋ ሲል ነው። ቦዲል ያንን ዝምታ ሳታቋርጥ ትጠብቀዋለች። እኔ ብሆን "ሰውዬ፣ ተናገር እንጂ!" ብዬ እጮህበት ነበር። ለዚህም ነው እኔን፣ አስገርን፣ ሒሳብ ላይ አስቀምጠው ከደንበኛ ስልክ ያራቁኝ።

እሷም የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ከባሕር ሰርጡ ዳር አሳማ ያረቡ ነበር። ገና በልጅነቷ ለታይፕ ሥራ ተቀጥራ መጣች፤ አገባች፣ ፈታች፣ ሴት ልጇን አሳድጋ ወደ ኖርዌይ ሸኘች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ጋር ትዘምር ነበር፤ ያንንም "ድምፄ አረጀ" ብላ ተወችው። የቀራት ስልኩ ነው። "ይህን ከወሰዱብኝ በማግስቱ እለቃለሁ" ብላኝ ታውቃለች፤ ቦዲል ደግሞ ለጨዋታ ብላ የምትናገር ሰው አይደለችም። ስልሳን ተሻግራ ሥራ የለቀቀች ሴትን ማን ይቀጥራታል? ቤቷ የሚጠብቃት ድመት እንኳን የላትም።

በድሮው ሕንፃ እኔና እሷ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት አብረን ተቀምጠናል። እሷ በግራዋ ግድግዳ፣ በቀኟ እኔ። በሩ በእግር ካልተመታ አይዘጋም። ቀን ላይ የአጃ ዳቧችንን እዚያው እየበላን ብዙም ሳናወራ ተስማምተን ኖርን።

ከዚያ ድርጅቱ በየአገሩ ቅርንጫፍ ካለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ተዋሃደና ለሁሉም አዲስ ቢሮ ይሠራ ተባለ። ከሮተርዳም አንድ አርክቴክት መጣ። እዚያ የራሴ ጠረጴዛ አለኝ የሚል ሰው እንደሌለ፣ ሚላኖዎች ደግሞ ግድግዳው ሲፈርስላቸው የመብያ ክፍሉን በእጥፍ እንዳሰፉት አጫወተን። ሃኖቨር ላይ ግን ሠራተኞቹ በራችንን አናስነካም ብለው ድርቅ እንዳሉበት ሲናገር፣ የታመመ ዘመዱን ሁኔታ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እኛ ዩትላንዶች ምን አልን? ምንም። ዝም ያለ ተስማማ ነውና ግድግዳው ሁሉ ወረደ።

አዳራሹ አያስጠላም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። የሥራ ቦታ ጤና ተወካይ አድርገው የመረጡኝ እኔን ስለሆነ አየሩንም ብርሃኑንም አስለክቻለሁ። ጠረጴዛዎቹ አዝራር ሲነኩ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ተክሎቹ ለምለም ናቸው። ማታ ጠረጴዛህን ባዶ አድርገህ ዕቃህን ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለህ፤ ጠዋት ያገኘህበት ትቀመጣለህ። "ቦታዬ" ማለት ነውር ሆነ።

ቦዲል ማልዳ እየመጣች ከምሰሶው ሥር ያለውን ጠረጴዛ ትይዝ ጀመር። ኬል የሚባል የመኪና ክፍል ሰው አለን፤ ሲስቅ መስኮት ያንቀጠቅጣል። "ንግሥታችን ዙፋኗ ላይ ናት!" እያለ አላስቀምጥ አላት። አለቃችን ሲኔም ከዋና ከተማው ከኮፐንሃገን የመጣች ቅን ሴት ናትና፣ "ቦዲል፣ ከሌሎቹም ጋር ተቀላቀይ እንጂ" አለቻት። ተቀላቀለች። መሃል አዳራሹ ላይ፣ ከየአቅጣጫው ሰው በሚያወራበት ቦታ ተቀመጠች።

ነገር የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። ደንበኞች "ሴትየዋ አንድ ነገር ደጋግማ ታስነግረናለች" እያሉ አማረሩ። ባልደረቦቿም ይንሾካሾኩባት ጀመር። ሲያናግሯት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች፣ ኮርታለች ተባለ። ዝምተኛዋ ሜተ፣ ከጎኗ ትቀመጥ የነበረችው የመዝገብ ክፍል ሴት፣ አንድ ቀን ዕቃዋን ሰብስባ ሌላ ጥግ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቦዲልን ቀና ብላም አላየቻት።

ዓርብ ዓርብ ጠዋት በየተራ ትኩስ ዳቦ ገዝተን ከቅቤና ከአይብ ጋር አብረን እንበላለን። ከነዚያ ዓርቦች በአንዱ ሲኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆና "አዳራሹ እንዴት ነው? ያስቸገረው ሰው ካለ ይንገረኝ" አለች።

"ለእኔ ገነት ነው!" አለ ኬል አፉን ሞልቶ። ሌሎቹም አንድ አንድ ነገር አሉና ተራው ቦዲል ላይ ደረሰ።

"መጥፎ አይደለም" አለች።

እኛ አገር ቤቱ የተቃጠለበትም "መጥፎ አይደለም" ይላል። ሲኔ ግን ምስጋና መሰላትና ፈገግ አለች። በዚያው ሰሞን ጠርታኝ፣ "አስገር፣ ቦዲል ደክሟታል። ከመጪው ወር ጀምሮ ስልኩን ለሌላ ሰጥቼ ወደ ጽሑፍ ሥራ ላዛውራት ነው፤ ትረፍ" አለችኝ።

"ከሃኖቨር እስክንመለስ ጠብቂ" ብዬ ለመንኳት። የእህት ቢሮዎቹን አሠራር እንድናይ ተወካዮች ተጋብዘን ነበር፤ አንድ ሰው ማስከተል ስለሚፈቀድልኝ ቦዲልን ይዤ ሄድኩ። ትንሽ ትናፈስ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሃኖቨር ረጅም ኮሪደር ነው፤ በግራና በቀኝ የተዘጋ በር። ታንኳኳለህ፣ "ይግቡ" እስኪሉህ ትቆማለህ። የተቀበሉን ወይዘሮ ሎማን ከክፍል ጓደኛቸው ጋር ግማሽ ዕድሜያቸውን አብረው ሠርተው ዛሬም እርስዎ ይባባላሉ። በዚያ ብርድ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው "አየር ይግባ!" ሲሉ እኔ ካፖርቴን ፍለጋ ሮጥኩ።

"ሁላችሁም አንድ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ስትተያዩ ትውላላችሁ?" አሉኝ።

"ቀኑን ሙሉ።"

"አምላኬ! ታዲያ መቼ ነው የምትሠሩት?"

ቦዲል ባዶ ወንበር አየችና ግድግዳውን በግራዋ አድርጋ ተቀመጠች። ከራነርስ የተላለፈላትን የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ስልክም እዚያው አነሳች። ጠበቀች። ዝም አለች። ደግሞ ጠበቀች። ከዚያ ከልቧ ሳቀች። አዳራሹ ከገባን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሳለ ወይዘሮ ሎማን ቡና ይዘው በግራዋ መጡ። "ወይዘሮ ቶፍት፣ ወተት ላድርግልዎ?" መልስ የለም። ደገሙት። ቦዲል ፊት ለፊት እያየች ቆማለች። ሴትዮዋ እኔን አዩኝ፣ ምንም ሳይሉ ዞረው በቀኟ መጡና ጠየቋት። "ጥቂት፣ አመሰግናለሁ" አለች ወዲያው። እኔ አፌን ያዝኩ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ አውቄ በቀኟ ተቀመጥኩ።

"ግራ ጆሮሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ማን ነገረህ?"

"ወተቱ።"

"ቆየ" አለች። "የድሮው ክፍል ሳለን ግድግዳው ነበር የሚሸፍንልኝ። በግራዬ የሚያናግረኝ ሰው የለማ።"

"መስሚያ አታደርጊም?"

"ሞከርኩት። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ ሹካ ሲወድቅ፣ ኬል ሲስቅ፣ ሁሉንም እኩል ያጎላዋል። ደንበኛዬ ከመሃል ይጠፋል።"

"እና ሲኔ በዳቦው ቀን ስትጠይቅ ለምን አልተናገርሽም?"

"ምን ብላ ጠየቀች?"

"አዳራሹ ያስቸገረው ሰው ካለ ይንገረኝ ብላ ነዋ" አልኳት።

"ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ‹መጥፎ አይደለም› አልኩ" አለች። "ምን ልበል ታዲያ?"

"አሁን ንገሪያት።"

"እኔ ማን ነኝና ነው ከሰው ተለይቼ ክፍል የምጠይቀው? አታውራብኝ አስገር። ይቅር።"

ይኼኔ ደሜ ፈላ። "ስልኩን ሊወስዱብሽ ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ፊት ለፊታችን ጋዜጣ የሚያነቡት ሰው ሳይቀሩ ቀና አሉ። ሲኔ ያሰበችውን እስከዚያ የነገራት አልነበረም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዓርብ ደረሰ። ዳቦ የማምጣቱ ተራ የኬል ነበር። ሁሉም ቢላውን አንስቶ ቅቤ መቀባት ሲጀምር ቦዲል ተነሥታ ቆመች። በዓርብ ዳቦ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው የለም፤ ለኃምሳ ዓመት ልደት ካልሆነ በቀር።

"ግራ ጆሮዬ አይሰማም" አለች። "ቀኙም አዳራሹ ውስጥ ግማሹን ነው የሚይዘው። ስልኬን እንዳትወስዱብኝ። ግድግዳና በር እፈልጋለሁ። ወንበሩም የኔ ይሁን፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበት።"

"የኔ" ስትል ልብሷን ያወለቀች ያህል ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሲኔ ፊቷ ቀላ።

"ቦዲል… እኔ እኮ እንድታርፊ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔ ግን የማርፈው ስሰማ ነው።"

"ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው…" ብላ ሲኔ እኔን አየችኝ።

"መስኮት የለውም። ሰው የቀን ብርሃን በሌለበት ቀኑን ሙሉ ማስቀመጥ ክልክል ነው" አልኩ፤ ተወካይ መሆን እንዲህ ነው፣ የጓደኛህንም መንገድ ትዘጋለህ። ግድግዳ ሊቆም የሚችለው በደቡብ መስኮቱ ጥግ ብቻ ነበር። ያ ጥግ ደግሞ የብርዱ ወራት ፀሐይ ሽው ብላ የምታልፍበት የኬልና የጓደኞቹ ቦታ ነው። ቀኑ በሚያጥርብን በታኅሣሥ ያችን ፀሐይ ከሰው ላይ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም።

"እንግዲያው ይቅር" ብላ ቦዲል ቁጭ አለች።

ኬል ቢላውን አስቀመጠ። "በየጠዋቱ ደህና አደርሽ እልሻለሁ እኮ" አለ።

"ምን አልክ?" አለች ቦዲል፤ የተቀመጠው በግራዋ ነበር።

ያ ግዙፍ ሰውዬ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና በቀኟ ጎንበስ አለ። "በየጠዋቱ ደህና አደርሽ እልሽ ነበር። ፊት ስትነሺኝ፣ ቀልዴን ጠልታ ነው ብዬ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ።" ወደ ሲኔ ዞረ። "ግድግዳውን አቁሙላት። ፀሐይ ከፈለግሁ ስፔን እሄዳለሁ።"

ሳቅ ሆነ። ሲኔ ተቃውሞ እንዳለ ጠየቀች፤ የተናገረ የለም። ነገሩ አለቀ ብዬ እኔም ዳቦዬን አነሳሁ። ቦዲል ግን አልሳቀችም። ኬልን ትኩር ብላ እያየችው ነበር።

"ሌላስ ማነው እንዲህ ያልሰማሁት?" አለች።

ተነሥታ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች፤ እያንዳንዱን በቀኟ አድርጋ "ምን ብለኸኝ ነበር? ምን ብለሽኝ ነበር?" ትላለች። አንዱ ስለ እግር ኳስ እንደሆነ ነገራት፤ አንዷ ስቴፕለር ለምናት ነበር። ሌላው ምንም አላልኩም ብሎ ጫማውን አየ። እንዲህ እያለች ጥጉ ድረስ ሄዳ ሜተ ዘንድ ደረሰች።

ሜተ የያዘችውን ዳቦ ሣህኑ ላይ መለሰች።

"እናቴ ሞተች ብዬሽ ነበር" አለች።

ቦዲል ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቀኝ ጆሮዋን አስጠግታ እጇን ያዘች።

"አሁን ንገሪኝ" አለቻት።