ወደ ሐይቁ የማልሄድበት ቅዳሜ

ከብቸና የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስለ ስደት የጻፈ ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔን እናቴ በምሳ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ። ስንቄን በላስቲክ ቋጥራ ሰጥታኝ፣ «ሥራው ሲያልቅ እንዳትቆይ» አለችኝ። ሞጣ ለቀን ሥራ ሳምንት ልሂድ ብያት ነበር። ሞጣ ስንደርስ አልወረድኩም። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መተማ። ስለ ሱዳንና ስለ ሊቢያ፣ ስለ ባሕሩም አልጽፍም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ቢነግሩትም መምጣቱን አይተውም።

ያለሁት ጀርመን አገር ነው፣ ስሟን ብጽፋትም በማታውቋት ትንሽ ከተማ። ወረቀቴ ዱልዱንግ ይባላል። «ችለንሃል» እንደ ማለት ነው፤ አልተቀበልንህም፣ እስክናባርርህ ግን እንችልሃለን። በዚህ ወረቀት አገር ቤት ሄዶ መመለስ የለም። ከወረዳው ወጥቶ ለማደርም ቢሮ ሄዶ ፈቃድ መለመን ነው። የምኖረው ሃይም በሚሉት የስደተኛ መኖሪያ ውስጥ ነው፤ በአንድ ክፍል የአራት አገር ሰው ይተኛል፣ በአራት ቋንቋ ያንኮራፋል።

ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ነው። ከቅኔ አገር ወጥቼ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ስሜን አላነብም ነበር። ያስተማረኝ ሰይድ ነው፣ የሞጣ ነጋዴ ልጅ። እሱ ወረቀትም መኪናም አለው።

«አንተ ማይም፣ ያ ሁሉ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ ምን ትሠራ ነበር?» ይለኛል።

«አርስ ነበር። የሚዘርፉትን ማን ያበላቸው መሰለህ?»

«ይኸው ነው፤ እነሱ ዘረፉ፣ አንተ ተዘረፍክ።»

ሦስተኛችን ጋሽ በላይነህ ናቸው፣ የሉማሜ ሰው። በዕድሜ ይበልጡናል። ክፍላቸው ከእኔ ፊት ለፊት ነው።

እዚህ አገር ቅዳሜና እሁድን ቮኸንኤንዴ ይሉታል፤ ሰው ሁሉ እንደ ታቦት ያከብረዋል። እኛም ለመድነው። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ አንድ ሐይቅ አለ፣ ዳሩ ላይ የሚከራዩ የእንጨት ቤቶች አሉ። በበጋ አንዱን እንይዛለን። ሐይቁ ውኃ ነው ለማለት ነው እንጂ እንደ ዓባይ አይጮህም፣ አይወርድም፣ ተኝቷል። ፈረንጁ ዳሩ ላይ ራቁቱን ተጋድሞ ፀሐይ ይለምናል፤ እኛ ስንት ዘመን ጥላ ስንፈልግ ኖረን! ሥጋ እንጠብሳለን፣ በሁለት ምድጃ። የሰይድ ለብቻው፣ የእኔና የጋሽ በላይነህ ለብቻው። ያን ሁሉ በረሃ ተሻግረን፣ ሥጋችንን ግን እንደ ሞጣ ለያይተን እንበላለን። አንድ ላይ የምንበላው ዓሣ ብቻ ነው።

እኔ ግን ሁልጊዜ አልሄድም ነበር፤ ፈቃድ አለና። ቢሮ የምታስተናግደኝ አንዲት ሴትዮ ናት።

«ለምንድን ነው የምትሄደው?»

«ለመዝናናት።»

«መዝናናት በቂ ምክንያት አይደለም። የታመመ ዘመድ አለህ?»

«እዚህ የለኝም።»

«የፍርድ ቤት ቀጠሮስ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እዚሁ ተዝናና።»

ሁለቴ ብትከለክል አንዴ ትፈቅዳለች።

የጋሽ በላይነህ ታላቅ ወንድም፣ አያ ታከለ፣ ሉማሜ ላይ አረፉ። ለእኛ ተደወለ፣ ለእሳቸው አልተደወለም። መርዶ በስልክ አይነገርማ። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ደግፎ በሚይዝ እጅ መሀል ነው የሚነገር። ሃይም ውስጥ ደግሞ አይለቀስም፤ ዘበኛው ይመጣል፣ ክፍሌ የሚተኛው አልባኒያዊ ይቆጣል። ስለዚህ ሐይቁ ጋ ያለውን ቤት እስክናገኝ ሦስት ሳምንት ደበቅናቸው። የእኔ ድርሻ ማሳቅ ነበር። ጠዋት ማታ ክፍላቸው እየገባሁ ወሬ ፈጠርኩ፣ ካርታ ተጫወትኩ፣ ስልካቸውን «ተበላሽቷል፣ ላሠራው» ብዬ ወሰድኩ። እኔን አመኑኝ። ሳቁ።

ቅዳሜ ሌሎች የአገር ልጆችንም ይዘን ሄድን፣ ዓሣ በላን። እሁድ ጎሕ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን አልጋቸውን ከበብን። ሰይድም ከራስጌያቸው ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ። እያንዳንዳችንን ቆጠሩን።

«ማን ነው?» አሉ። «አያ ታከለ ነው?»

ሰይድ ትከሻቸውን ደግፎ ያዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። የቤቱ ባለቤት በሌሊት ልብሱ እየሮጠ መጣ። ጀርመንኛ የሚችለው ሰይድ ነው፣ እሱ አናገረው።

«ምን ሆናችኋል? ፖሊስ ልጠራ ነው!»

«ሰው ሞቶብን ነው።»

ሰውየው ግድግዳውን ያዘ። «ቤቴ ውስጥ?»

«የለም፣ ኢትዮጵያ።»

«አዝናለሁ። አሁን ተደወለላችሁ?»

«ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።»

ቆሞ አሰበ። ጀርመን ሲያስብ ይታያል። «ታዲያ ከሦስት ሳምንት በፊት ለሞተ ሰው በዚህ ማለዳ ለምን ታለቅሳላችሁ?»

«ቤትህ ባዶ የሆነው ገና ትናንት ነው» አለው ሰይድ።

«ውሉ ጫጫታ ክልክል ነው ይላል» ብሎ ሄደ። ቆይቶ ሁለት ብርድ ልብስ አምጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠልን። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ጋሽ በላይነህ እኔን ለአንድ ወር አላነጋገሩኝም። ሲያነጋግሩኝ ያሉኝ ይህን ነው፦ «ሦስት ሳምንት ሙሉ አሳቅኸኝ። እግዜር ይይልህ።» ሁለተኛ ያን ሐይቅ አላይም ብለውም ማሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የእናቴን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከፍልሰታ በፊት ነው። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ሲመጣ እህቴ የሺ አነሳች። «ጸበል ገብታለች» አለችኝ። በሳምንቱ ስደውል፣ ጸበል። በመስቀል ስደውል፣ ጸበል። መጀመሪያ አመንኩ፤ ጉልበቷን ያማታልና።

በኋላ እዚህ ያሉት ሰዎች ተለወጡብኝ። ሰይድ መስደቡን ተወ። ማይም ማለት ቀረና «ወንድማለም» መጣ። ማንበብ ያስተማረኝ ሰው፣ አጠገቡ ስቀመጥ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ይደፋዋል። ጋሽ በላይነህ ማታ ማታ ክፍሌ እየመጡ ወሬ ይፈጥራሉ። ወሬ መፍጠር አይችሉበትም፤ የአንድ በቅሎ ታሪክ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።

ባለፈው ሰኞ ሰይድ መጣ።

«ቅዳሜ ሐይቁ ጋ ቤት ይዘናል።»

«በጥቅምት? በዚህ ብርድ?»

«ማሞቂያ አለው። አየር ትቀይራለህ።»

«ማን ማን ነው የሚሄደው?»

«እኛው ነን። ጋሽ በላይነህም ይመጣሉ።»

ፊቱን አየሁት። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ፈቃድ ከሰጡኝ» አልኩት።

ሮብ ቢሮ ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድትከለክለኝ ጸልዬ ገባሁ።

«ለምንድን ነው የምትሄደው?»

«ለመዝናናት» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ጥሩ ነው። ሰው መዝናናት አለበት።»

«መዝናናት በቂ ምክንያት አይደለም ብለሽኝ ነበር።»

«አሠራሩ ተቀይሯል።»

«የታመመ ዘመድ እኮ የለኝም። ቀጠሮም የለኝም።»

«አያስፈልግም አልኩህ!» ማኅተሙን መታችው። ፈገግ ብላ መልካም ቮኸንኤንዴ ተመኘችልኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር።

ይህን የምታነቡ የብቸና ሰዎች፣ ምናልባት ቆማችሁ አፈር መልሳችሁ ይሆናል። እንዳትጽፉልኝ። አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ሰይድን ፊት ለፊት ብጠይቀው ኖሮ? አልጠየቅኩም። ቢጠየቅም አይናገርም፣ እኔም በእሱ ቦታ አልተናገርኩም። ወደ ሐይቁ ካልሄድኩ ደግሞ ማለዳው አይመጣም። ይህ የሞኝ ሐሳብ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የፈቃዱ ወረቀት ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ለየሺ ደወልኩ።

«እናቴስ?»

«ጸበል ናት፣ አያ።»

«አሁንም?»

«መምሬ ገና አትውጣ ብለዋል።»

«ስልኩን ውሰጅላትና ድምጿን ልስማ።»

«ስልክ አያስገቡም።»

 የየሺ ድምፅ ሻክሯል፣ ብዙ የጮኸ ሰው ድምፅ ነው።

«አያ፣ ብቻህን አትዋል» አለች። «ነገ ከጓደኞችህ ጋር ወጣ በል። እዚያ ሐይቅ አለ አይደል?»

ስለ ሐይቁ ነግሬያት አላውቅም።

«ፈቃድ ከልክለውኛል» አልኳት።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጠይቃቸው።»

«እጠይቃለሁ።» ከዚያ ምን እንደምል ጠፋኝና «እናቴን ሳሚልኝ» አልኩ።



«እሺ አያ» አለች። «እስምልሃለሁ።»

ስልኩን ማናችንም አልዘጋነውም።